ስም የሌለው መርጃን፦ አዲስ የለስላሳ ኮራል ዝርያ እንዴት ተለይቶ ይመዘገባል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በደቡብ አሜሪካ፣ በቬንዙዌላ የካሪቢያን ባሕር ዳርቻ፣ ሞቺማ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። በዚያ አካባቢ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቀድሞ ያልነበረ አንድ ለስላሳ ኮራል የባሕሩን ወለል እንደ ምንጣፍ መሸፈን ጀመረ። ድንጋያማዎቹን ኮራሎች ይለብሳል፤ ስፖንጁንና የባሕር ሣሩን ያለብሳል፤ ከሥሩ የቀረው ብርሃን አጥቶ ይሞታል። ዓሣ የሚራባበት ቦታ ሲጠፋ ደግሞ ጉዳቱ ከባሕር ወጥቶ ዓሣ አስጋሪው ቤት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ይህ እንግዳ ዜኒዲ ከሚባለው የኮራል ቤተሰብ መሆኑን፣ በካሪቢያንም የዚህ ቤተሰብ አባል ሲገኝ የመጀመሪያው መሆኑን ገለጸ። ቤተሰቡ ታወቀ ማለት ነው። ግን የትኛው ዝርያ ነው? አገሩ የት ነው? ወይስ ማንም እስካሁን ያልመዘገበው አዲስ ፍጥረት ነው?

የጥያቄው መልስ የተሟላው በ2021 ነው። ቁልፉ የተገኘውም አንድ ግብጻዊ ምሁር በ1938 ጽፈው በተዉት ገለጻና እሳቸው በመረመሩት አንድ ናሙና ላይ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምናየው ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ነው። ለዚያ ግን መጀመሪያ ለስላሳ ኮራል ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎም ሳይንቲስቶች «ይህ አዲስ ዝርያ ነው» ለማለት ምን ምን መንገድ እንደሚሄዱ ማወቅ ያስፈልገናል።

መርጃን ምንድን ነው?

መርጃን ለኛ እንግዳ ቃል አይደለም። በሱረቱ ረሕማን ሁለቱ ባሕሮች በተነሱበት ቦታ ከሉል ጋር ተጠቅሷል። ሙፈሲሮች በቃሉ ላይ የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ ከፊሎቹ ትናንሹ ሉል ነው ሲሉ፣ ከፊሎቹ ትልልቁ ነው ብለዋል፤ ቀይ የጌጥ ድንጋይ ነው ያሉም አሉ። ዛሬ በዐረብኛ መርጃን ሲባል በብዛት የሚታሰበው ይህ የመጨረሻው፣ ማለትም ኮራል ነው።

ለረጅም ዘመን ሰዎች ኮራልን ከድንጋይ ወይም ከተክል ይቆጥሩት ነበር። በ1706 አካባቢ ማርሲሊ የተባለ ጣሊያናዊ ቀይ መርጃንን በባሕር ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ሲመለከት ስምንት ቅጠል ያላቸው ነጫጭ «አበቦች» ሲፈነዱ አየና ተክል ነው ብሎ ደመደመ። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ፔሶኔል የተባለ የማርሴይ ሐኪም እነዚያ «አበቦች» እንስሳት መሆናቸውን አስረዳ። በጊዜው ብዙ ሰው አልተቀበለውም፤ እውነቱ ግን ከእሱ ጋር ነበር።

ያ ስምንት ቁጥር ዋና ነገር ነው። ኮራል ፖሊፕ የሚባሉ ትናንሽ እንስሳት በአንድ ላይ የሚኖሩበት መንደር ነው። እያንዳንዱ ፖሊፕ አፍና በአፉ ዙሪያ እጆች አሉት። በድንጋያማዎቹ ኮራሎች ላይ የእጆቹ ቁጥር በአብዛኛው የስድስት ብዜት ነው። ለስላሳዎቹ ግን ሁልጊዜ ስምንት እጅ አላቸው፤ እጆቹም ግራና ቀኝ እንደ ላባ የተተለተሉ ናቸው። ስለዚህ «ኦክቶኮራል»፣ ማለትም ባለ ስምንት ኮራል ይባላሉ። የሚገርመው ለጌጥ የሚሠራው ቀዩ መርጃንም ጠንካራ ቢሆንም ባለ ስምንት እጅ በመሆኑ ከድንጋያማዎቹ ይልቅ የለስላሳዎቹ ዘመድ ነው።

እስካሁን በዓለም ላይ ወደ 3,500 የሚጠጉ የኦክቶኮራል ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከነዚህ መካከል በዜኒዲ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ አንዳንዶቹ ለምህንድስና ተማሪ ልዩ ናቸው፤ ስምንት እጆቻቸውን እንደ ጡጫ ደጋግመው ይዘረጋሉ፣ ይጨብጣሉ። ይህ ሁሉ ጉልበት ለምን እንደሚወጣ በ2013 በቀይ ባሕር የዐቀባ ባሕረ ሰላጤ የተሠራ ጥናት አንድ መልስ ሰጥቷል። እንቅስቃሴው በዙሪያቸው ያለውን ውሃ ያማስላል፤ በሰውነታቸው ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ያመረቱትን ትርፍ ኦክስጅን ጠርጎ ይወስዳል፤ በዚህም ምክንያት የአልጌዎቹ ምግብ ማምረት በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሱብሓነላህ! ሞተር የሌለው ፓምፕ ነው።

ከባሕር እስከ ጠርሙስ

አንድ ተመራማሪ ጠልቆ ያልለመደው ኮራል አየ እንበል። ቀለሙና ቅርጹ ብቻ ምንም አያስተማምንም። አንዱ ዝርያ በጥልቅ ውሃ ሌላ፣ በማዕበል ቦታ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ለስላሳ ኮራል ደግሞ ሲነኩት ይኮማተራል፣ ከውሃ ሲወጣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይሟሽሻል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመቁረጥ በፊት ነው። በሕይወት እያለ ፎቶ ይነሳል፤ ቀለሙ፣ ጥልቀቱ፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ እጆቹ ይንቀሳቀሱ እንደሆነ ይጻፋል። ከዚያ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ወዲያው ምልክት ይደረግበታል።

ቁራጩ በአብዛኛው 70 በመቶ በሆነ ኤታኖል ውስጥ ይቀመጣል፤ ለዲኤንኤ የሚሆነው ትንሽ ክፍል ደግሞ 95 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነው። በድሮ ዘመን ብዙ ናሙና በፎርማሊን ይቀመጥ ነበር። ፎርማሊን ሥጋውን ቢጠብቅም ዲኤንኤውን ያበላሻል፤ አሲድነቱ ሲጨምርም ቀጥሎ የምናወራውን ዋናውን ማስረጃ ያሟሟል።

በበረኪና የሚወጣው ማስረጃ

ለስላሳ ኮራል አጥንት የለውም ስንል ጨርሶ ጠንካራ ነገር የለውም ማለታችን አይደለም። በሥጋው ውስጥ ስክለራይት የሚባሉ የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች ተበትነዋል። ከአሸዋ የሚመስሉ ናቸው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግን አንዱ እንደ ዱላ፣ አንዱ እንደ እንዝርት፣ አንዱ እንደ ኮከብ፣ አንዱ እንደ ሳህን ነው። መጠናቸውም እጅግ ይለያያል። ሲኑላሪያ በሚባለው ጂነስ ከግንዱ ሥር ያሉት ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚደርሱ በዓይን ይታያሉ፤ በዜኒዲ ቤተሰብ ግን 0.02 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ከፀጉር ውፍረት ያንሳሉ።

እነሱን ለማውጣት ረቂቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ልብስ የምናነጣበት በረኪና ይበቃል። ከእጁ፣ ከፖሊፑ፣ ከግንዱ ላይና ከሥሩ ለየብቻ ቁራጭ ተወስዶ በረኪና ይጨመርበታል፤ ሥጋው ይሟሟል፣ ቅንጣቶቹ ከታች ይዘቅጣሉ፤ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ብቻ ይቀራል። ከየቦታው ለየብቻ የሚወሰድበት ምክንያት በአንዱ ኮራል ላይ እንኳ የላይኛውና የታችኛው ክፍል ቅንጣት ስለማይመሳሰል ነው። ሁሉንም አደባልቆ ያየ ሰው ከሁለት ዝርያ የመጡ ሊመስሉት ይችላሉ።

የዜኒዲ ቅንጣቶች በተራ ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሁሉም ሞላላ ክኒን ይመስላሉ። ከ1965 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ስካኒንግ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይህን ለወጠው። በእሱ ሲታዩ የአንዱ ዝርያ ቅንጣት ገጽ ከጥቃቅን ዘንጎች የተሠራ፣ የሌላው ከድቡልቡል ፍሬዎች የተሰባሰበ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ልዩነት ብቻ አዳዲስ ጂነሶች ተለይተዋል። ይህ መሣሪያ ያልነበራቸው የቀድሞዎቹ ሊቃውንት ግን በእጆቹ ላይ ያሉትን ላባዎች በረድፍ እየቆጠሩ ነበር የሚለዩት፤ ይህ ቆጠራ ዛሬም አልተተወም።

ዲኤንኤ ምን ይጨምራል?

«ዲኤንኤ ካለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል አይጠፋም። ለብዙ እንስሳት አንድ አጭር የዲኤንኤ ክፍል ዝርያቸውን ለመለየት ይበቃል። ኦክቶኮራሎች ግን በዚህ ያስቸግራሉ። በማይቶኮንድሪያቸው ውስጥ ሌሎች እንስሳት የሌላቸው አንድ ጂን አለ፤ ኤምቲመትኤስ ይባላል። ዲኤንኤ ሲገለበጥ የሚፈጠርን ስህተት ከሚያርም የባክቴሪያ ጂን ጋር ይመሳሰላል። ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት በዚህ እርማት ሳቢያ የማይቶኮንድሪያው ዲኤንኤ የሚለወጠው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ውጤቱም ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች በዚያ አጭር ክፍል ላይ ፍጹም አንድ ዓይነት ሆነው መታየታቸው ነው።

ስለዚህ ባለሙያዎች ያንኑ ጂን ራሱን፣ ከኒውክለሱም ሌላ ክፍል ጨምረው ያነባሉ፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ክፍሎችን በአንድ ጊዜ ማንበብ ተችሏል። በዚህ ዓይነት መረጃ ላይ ተመሥርተው ካትሪን ማክፋደንና ባልደረቦቿ በ2022 የኦክቶኮራልን አጠቃላይ ምደባ እንደገና አዋቅረውታል። ያም ሆኖ ዲኤንኤ ብቻውን ዳኛ አይሆንም። ቅንጣቱ፣ የፖሊፑ ቅርጽ፣ የተገኘበት ቦታና ዲኤንኤው ተስማምተው ሲመሰክሩ ነው ፍርዱ የሚጸናው።

ስም ማውጣት ሕግ አለው

ማስረጃው ተሟላ እንበል። አሁንም «አዲስ ነው» ለማለት አንድ ትልቅ ሥራ ይቀራል፤ ቀደም ሲል ማንም ስም እንዳላወጣለት ማረጋገጥ። የእንስሳት ስያሜ የሚቆጠረው የስዊድኑ ሊኔየስ በ1758 ካሳተመው መጽሐፍ ጀምሮ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የተጻፈውን ሁሉ መፈተሽ ግድ ነው። ሕጉ የቀደመውን ስም ያስከብራልና።

በቀይ ባሕር ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ማለት ወደ ፒተር ፎርስኮል መመለስ ነው። ፎርስኮል የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዐረቢያ የላከው ጉዞ አባል ነበር፤ በ1763 የመን ውስጥ ያሪም በምትባል ከተማ በ31 ዓመቱ ሞተ። ማስታወሻዎቹን ከጉዞው ብቻውን የተረፈው ኒቡር በ1775 አሳተማቸው። ዐረብኛ ያውቅ ስለነበር ከአካባቢው ዓሣ አስጋሪዎች የሰማውን ስም ይመዘግብ ነበር፤ «አቡደፍዱፍ» የሚባለው የዓሣ ጂነስ ዛሬም በሳይንሱ ዓለም በዚሁ የዐረብኛ ስሙ ይጠራል። እሱ ሊቶፊቶን አርቦሬዩም ብሎ የሰየመው ለስላሳ ኮራልም እስካሁን ስሙን ይዟል። ከሱ በኋላ የመጡት ሄምፕሪክና ኤረንበርግ ናቸው። ሄምፕሪክ በ1825 እዚሁ ምጽዋ ላይ በትኩሳት ሞተ፤ ጓደኛው ኤረንበርግ በ1834 የቀይ ባሕርን ኮራሎች ጻፈ። ዛሬ በቀይ ባሕር የሚገኝ ዴንድሮኔፍቲያ ሄምፕሪኪ የሚባል ያማረ ለስላሳ ኮራል የሟቹን ስም ይዞ ይኖራል።

ቀዳሚ ስም አለመኖሩ ከተረጋገጠ ገለጻው ይጻፋል። በገለጻው ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ሆሎታይፕ መምረጥ ነው። ሆሎታይፕ ስሙ ለዘለዓለም የሚታሰርበት አንድ ናሙና ነው። ሙዚየም ውስጥ በቁጥር ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ ማንም ተመራማሪ ሄዶ ሊመረምረው ይችላል። ከእሱ ጋር ፓራታይፕ የሚባሉ ተጨማሪ ናሙናዎች ይኖራሉ። ከዚያ ዝርያውን ከዘመዶቹ የሚለዩት ምልክቶች ይዘረዘራሉ፤ የቅንጣቶቹ ፎቶ ከነመጠናቸው ይቀርባል፤ የተገኘበት ቦታና ጥልቀት ይገለጻል፤ የስሙ ትርጉም ይብራራል። ስሙ ሁለት ቃል ነው፤ የመጀመሪያው የጂነሱ፣ ሁለተኛው የዝርያው። ተመራማሪ ዝርያውን በራሱ ስም መሰየም እንደ ነውር ይቆጠራል። ጽሑፉ በሌሎች ባለሙያዎች ተፈትሾ ሲታተም ያ ፍጥረት ስም አገኘ ይባላል።

የዶክተር ጎሃር አደራ

አሁን ወደ ሞቺማ እንመለስ። ዶክተር ሐሚድ ዐብዱልፈታሕ ጎሃር በ1907 የተወለዱ ግብጻዊ ናቸው። ከእንግሊዛዊው ሲሪል ክሮስላንድ በኋላ በቀይ ባሕር ዳር ገርደቃ (ሁርጋዳ) ያለውን የባሕር ሥነ ሕይወት ጣቢያ መርተዋል። የዜኒዲ ቤተሰብን አጥንተው በ1940 ስለ ቀይ ባሕር ዜኒዲዎች ሰፊ ሥራ አሳትመዋል። የካይሮው የዐረብኛ ቋንቋ አካዳሚ አባል ነበሩ፤ የግብጽ ሕዝብ ደግሞ ለብዙ ዓመታት በቴሌቪዥን ባቀረቡት «ዓለሙል ቢሓር» (የባሕር ዓለም) ፕሮግራም ያስታውሳቸዋል። በ1992 ወደ አኺራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው።

እሳቸው በ1938 ካወጧቸው ዝርያዎች አንዱ ሴስፒቱላሪያ ስቶሎኒፌራ ይባላል። ስቶሎኒፌራ ማለት በመሬት ላይ እየተሳበ አዲስ ቡቃያ የሚያወጣ ሐረግ ያለው ማለት ነው፤ የኛ ሰርዶ እንደሚያደርገው። ስሙ ለሰማንያ ዓመት ያህል ብዙ ሰው ሳያነሳው በመጻሕፍት ውስጥ ቆየ።

የቬንዙዌላው እንግዳ ሲመጣ ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ ተመራማሪዎች ዶክተር ጎሃር ስሙን ያሰሩበትን ናሙና አወጡና በዘመኑ መሣሪያ እንደገና መረመሩት። ሁለት ነገር ተገለጠላቸው። አንደኛ፣ ዝርያው በትክክል የተለየ ነው፤ ጂነሱ ግን ሴስፒቱላሪያ አይደለም። እስከዚያ ያልተሰየመ ጂነስ ስለሆነ ኡኖሚያ አሉት፤ በዚያው ጽሑፍ ሌላ አዲስ የኡኖሚያ ዝርያም ገለጹ። ሁለተኛ፣ ሞቺማን የወረረው ይኸው የጎሃር ዝርያ ነው። አገሩ የሕንድና የሰላማዊ ውቅያኖስ አካባቢ ሲሆን ወደ ካሪቢያን የገባው ለጌጥ በመስታወት ገንዳ ከሚረቡት ጋር እንደሆነ ይታመናል።

ስም ማወቁ ምን ጠቀመ? ከየት እንደመጣ ስለታወቀ በአገሩ ምን እንደሚገታው መጠየቅ ይቻላል። እንደ ሰርዶ የሚሳብ መሆኑ ሲታወቅ እየበጣጠሱ መንቀል ቁራጩን መዝራት ሊሆን እንደሚችል ይታሰባል። ንግዱን የሚቆጣጠር መንግሥትም የሚከለክለውን ነገር በስሙ መጥራት አለበት፤ ስም የሌለውን ነገር በሕግ መከልከል አይቻልም፤ በሌላ በኩል ስም የሌለው ዝርያ ቢጠፋም ጠፋ ብሎ የሚመዘግበው የለም።

ኢስናድ ላጠና ሰው

ዛሬ የዚህ ዝርያ ሙሉ ስም የሚጻፈው ኡኖሚያ ስቶሎኒፌራ (ጎሃር፣ 1938) ተብሎ ነው። ቅንፉ የራሱ ትርጉም አለው፤ «ይህን ዝርያ መጀመሪያ የገለጸው ጎሃር ነው፤ በኋላ ግን ወደ ሌላ ጂነስ ተዛውሯል» ማለት ነው። እርማቱ የቀዳሚውን ሰው ሐቅ አልሰረዘም፤ ሐቁን ማክበሩም እርማቱን አልከለከለም።

መድረሳ የተቀመጠ ሰው ይህን ሲያይ አንድ ነገር ትዝ ሊለው ይገባል። ሙሐዲሶች «ማን አለ? ከማን ሰማ?» እያሉ ንግግርን እስከ ባለቤቱ ድረስ ይከተላሉ። እዚህም ስሙ ወደ ጸሐፊው፣ ጸሐፊው ወደ ዓመቱ፣ ዓመቱ ወደ ጽሑፉ፣ ጽሑፉ በሙዚየም ወዳለው ናሙና ይመራል። ቦታና ቀን ያልተጻፈበት ናሙና ሰንሰለቱ እንደተቆረጠ ዘገባ ነው፤ ቢያምርም ማስረጃ አይሆንም። በእርግጥ ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ አንዱ የዲናችን ምንጭ የሚጠበቅበት ዒልም ነው፣ ሌላው ፍጥረትን የምናውቅበት ጥበብ። ነገር ግን ሁለቱም የሚፈልጉት ባሕርይ አንድ ነው፤ ሳያረጋግጡ አለመናገር። ይህን ደግሞ ሱረቱል ሑጁራት አስተምሮናል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በማኅበራዊ ሚዲያ እያንዳንዱን አዲስ ግኝት ይዞ «ይህ በቁርኣን ተነግሮ ነበር» ማለት ተለምዷል። በሱረቱ ረሕማን መርጃን የተጠቀሰው የጌታችንን ጸጋ እንድናስተውልና እንዳናስተባብል ነው። አያው ስለ ስክለራይት ወይም ስለ ዲኤንኤ ነው ማለት ተፍሲርንም ሳይንስንም መበደል ነው። ሳይንስ ነገ ራሱን ያርማል፤ ጂነሱ ተለውጦ አይተናል። የአላህን ቃል ከሚለዋወጥ ነገር ጋር ማሰር አይገባም። ለሙእሚን የሚበቃው ጸጋውን በሚገባ ማየቱ ነው፤ በሚገባ ለማየት ደግሞ መማር ያስፈልጋል።

እኛስ?

ሰሓቦቹ ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ የተሻገሩት ባሕር ይኸው ቀይ ባሕር ነው። ከሥሩ ያለውን ፍጥረት በብዛት የጻፉት ግን ከሩቅ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ሕይወታቸውን ከፍለውበታል። ዶክተር ጎሃር የሚያሳዩን የአካባቢው ልጅም በትዕግሥት ከሠራ ሥራው ከሰማንያ ዓመት በኋላ በሌላ አህጉር ያለን ባሕር ሊጠቅም እንደሚችል ነው። እውቀቱ የሚጠቅም ሰው ከሞተ በኋላም አጅሩ እንደማይቋረጥ ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ ተምረናል።

ይህ የባዮሎጂ ተማሪዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑን የሚሠራውና የሚጠግነው መሐንዲስ ነው፤ የዲኤንኤውን መረጃ የሚያነጻጽረው ፕሮግራም በኮምፒውተር ተማሪ ይጻፋል፤ የድሮውን የዐረብኛ ስም የሚያነበው ዐረብኛ የተማረ ነው። በየትኛውም የትምህርት ክፍል ብንሆን ቢያንስ አንድ ነገር ከዛሬ ጀምሮ ልናደርግ እንችላለን፤ በላቦራቶሪም ሆነ በመስክ የወሰድነውን እያንዳንዱን ናሙናና ልኬት ቀኑን፣ ቦታውንና የለካውን ሰው ስም ጨምረን በንጽሕና እንመዝግብ። ከኛ በኋላ የሚመጣ ሰው ሊፈልገው ይችላል፤ አደራ ነውና።

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይጨምርልን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።